አንጎሉ ክፉኛ የተጎዳ ታካሚ መናገር ሲሳነው፣ የሕይወት ድጋፉን የማቋረጥ ውሳኔ የማን ነው?

በመጋቢት 1997 ዓ.ም፣ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ2005 መሆኑ ነው፣ በአሜሪካ ፍሎሪዳ ግዛት ፒኔላስ ፓርክ በተባለች ከተማ የሚገኝ አንድ የሕሙማን ማስታመሚያ ቤት ደጃፍ በሰው ተጨናንቆ ሰነበተ። የሚጸልዩ፣ መፈክር ያነገቡ፣ የሚያለቅሱ ሰዎችና ካሜራቸውን የደቀኑ ጋዜጠኞች ቦታውን ሞልተውት ነበር። አንዳንዶቹ ብርጭቆ ውኃ ይዘው ወደ ውስጥ ለመዝለቅ ሲሞክሩ በፖሊስ ተያዙ። ከተያዙት መካከል ልጆችም ነበሩ።

ውኃው የታሰበላት ሴት ቴሪ ሻይቮ ትባላለች። ዕድሜዋ 41 ነበር። ከ15 ዓመታት በፊት ልቧ ድንገት ቆሞ አንጎሏ ኦክስጅን ካጣ ወዲህ ሐሳቧን በቃል መግለጽ አልቻለችም። የምትተነፍሰው በራሷ ቢሆንም ምግብና ውኃ የምታገኘው ሆዷ ላይ በተተከለ ቱቦ ነበር። ይህ ቱቦ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ከተነቀለ ከ13 ቀናት በኋላ፣ መጋቢት 22 ቀን፣ ሕይወቷ አለፈ።

ባለቤቷ ማይክል ሻይቮ "በዚህ ሁኔታ መኖር አትፈልግም ነበር" ሲሉ፣ ወላጆቿ ሮበርትና ሜሪ ሺንድለር ደግሞ "ልጃችን በሕይወት አለች፤ እኛ እንጦራታለን" አሉ። ጉዳዩ ከቤተሰብ ወጥቶ ወደ ፍርድ ቤት፣ ከዚያም ወደ ግዛቲቱ ምክር ቤት፣ በመጨረሻም እስከ ዋይት ሐውስ ደረሰ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ዐሥርት ዓመታት ቢያልፉም፣ አንጎላቸው ክፉኛ የተጎዳ ሕሙማን የሕይወት ድጋፍ መቋረጥ በተነሣ ቁጥር የቴሪ ስም አብሮ ይነሣል። ክርክሩ ብዙ ጊዜ ስለ መሣሪያና ስለ ሞት ብቻ እየመሰለ ይቀርባል። ቤተሰብን የሚከፍለው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፦ መናገር የማይችለው ሰው ቢናገር ኖሮ ምን ይል እንደነበር የሚመሰክረው ማን ነው?

(ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በአንድ ቃል የሚጠሩ የተለያዩ ሁኔታዎች

ክርክሩን ከሚያደናግሩት ነገሮች አንዱ በተለምዶ ሁሉም "ኮማ" ተብሎ መጠራቱ ነው። በሕክምናው ዓለም ግን ቢያንስ አራት የተለያዩ ሁኔታዎች አሉ።

የመጀመሪያው የአንጎል ሞት ነው። መላው አንጎል፣ መተንፈስን የሚቆጣጠረውን የአንጎል ግንድ ጨምሮ፣ ሥራውን ዳግም ላይመለስ አቁሟል። ደረት ከፍ ዝቅ የሚለው በመተንፈሻ መሣሪያው ኃይል ነው። የአሜሪካው ሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ኮሚቴ በ1968 መለኪያውን ካወጣ በኋላ፣ በበርካታ አገሮች ሕግ ይህ ራሱ ሞት ነው። እዚህ ላይ መሣሪያውን መንቀል ሕይወትን እንደማቋረጥ አይቆጠርም።

ሁለተኛው ኮማ ነው። ታካሚው ዐይኑን አይገልጥም፤ ቢነቀነቅም አይነቃም። ኮማ አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት ሳምንታት አያልፍም። ሰውየው ወይ ይሞታል፣ ወይ ይነቃል፣ ወይም ወደ ሌላ ሁኔታ ይሸጋገራል።

ሦስተኛው ሐኪሞች "ቬጅቴቲቭ ስቴት" የሚሉት ነው። ስሙን በ1972 ያወጡለት ብሪታንያዊው ብራያን ጄኔትና አሜሪካዊው ፍሬድ ፕላም ናቸው። ታካሚው ይተኛል፣ ይነቃል፣ ዐይኑን ይገልጣል፣ ያቃስታል፤ አንዳንዴም ፈገግ ያለ ይመስላል። ሆኖም ስለ ራሱም ሆነ ስለ አካባቢው እንደሚያውቅ የሚያሳይ ምልክት አይገኝበትም። ለአስታማሚ እጅግ ከባድ የሆነው ይህኛው ነው፤ ዐይኑን ገልጦ የሚያይ ሰው "የለም" ብሎ መቀበል ቀላል አይደለምና።

አራተኛው አነስተኛ ንቃተ ኅሊና የሚባለው ነው። ታካሚው አልፎ አልፎ ትእዛዝ ይፈጽማል፣ የሚንቀሳቀስን ነገር በዐይኑ ይከተላል፣ ወይም አንዲት ቃል ያወጣል። በ1984 የመኪና አደጋ የደረሰበት አሜሪካዊው ቴሪ ዋሊስ ከ19 ዓመታት በኋላ በ2003 መናገር የጀመረው ከዚህ ሁኔታ ተነሥቶ ነበር። "እገሌ ከስንት ዓመት በኋላ ነቃ" ተብሎ የሚወራው ታሪክ የትኛውን ሁኔታ እንደሚመለከት ሳይለይ ለሁሉም ሲነገር፣ አንዳንዱን ቤተሰብ ያለ አግባብ ተስፋ ይሰጣል፤ አንዳንዱንም ያለ አግባብ ይወቅሳል።

በቴሪ ጉዳይም ክርክሩ እዚሁ ላይ ነበር። በ2002 ፍርድ ቤቱ የአምስት ሐኪሞችን ምስክርነት ሰማ። ሁለቱን ባለቤቷ፣ ሁለቱን ወላጆቿ፣ አንዱን ፍርድ ቤቱ የመረጧቸው ነበሩ። በባለቤቷና በፍርድ ቤቱ የተመረጡት ሦስቱ ሁኔታዋ ቬጅቴቲቭ ነው ሲሉ፣ የወላጆቿ ሁለቱ ሐኪሞች የመሻሻል ተስፋ አላት አሉ። ቴሪ የተንሳፈፈ ፊኛ በዐይኗ የምትከተል የሚመስልበትን ምስል ሕዝቡ በየቴሌቪዥኑ ተመለከተ። ከሰዓታት ቀረጻ ተመርጠው የወጡት እነዚህ ቅጽበቶች ለወላጆቿ የሕይወት ምልክት፣ ለፍርድ ቤቱ ደግሞ በድግግሞሽ ያልተረጋገጠ አጋጣሚ ነበሩ።

"እንዲህ ብላን ነበር"

ቴሪ ስትወድቅ 26 ዓመቷ ነበር። በዚያ ዕድሜ ስለ ሞቱ የጽሑፍ ቃል የሚተው ሰው ጥቂት ነው። እሷም ምንም አልጻፈችም።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባልና ወላጆች በአንድነት አስታመሟት። ማይክል ለሙከራ ሕክምና እስከ ካሊፎርኒያ ወስደዋታል። በ1992 በሕክምና ስሕተት ክስ የተወሰነው ካሳ፣ ለእንክብካቤዋ የተቀመጠ 750 ሺህ ዶላር ገደማና ለባለቤቷ 300 ሺህ ዶላር፣ በመጣ ማግስት ግን ፍቅሩ ተቋረጠ። ወላጆቿ በባልየው ላይ የውርስ ጥርጣሬ አደረባቸው። ከሌላ ሴት ጋር ኑሮ መሥርተው ልጆች መውለዳቸውም ጥርጣሬውን አባባሰው። ማይክል በበኩላቸው ለሚስታቸው የገቡትን ቃል እየጠበቁ መሆናቸውን ደጋግመው ተናገሩ።

በ1998 ማይክል ቱቦው ይነቀል ዘንድ ለፍርድ ቤት አመለከቱ። ዳኛ ጆርጅ ግሪር በ2000 ጉዳዩን ሲመረምሩ የቀረበላቸው ማስረጃ ተራ የቤት ወሬ ነበር። ባለቤቷ፣ ወንድማቸውና የሌላው ወንድማቸው ሚስት፣ ቴሪ በመሣሪያ ተደግፋ መኖር እንደማትፈልግ በተለያየ አጋጣሚ መናገሯን መሰከሩ። እናቷ ደግሞ ልጃቸው የካረን አን ኩዊንላንን ዜና በቴሌቪዥን ስታይ የመሣሪያውን መነቀል ተቃውማ እንደነበር ተናገሩ። ፍርድ ቤቱ ቀኑን ሲያሰላ፣ ቴሪ ያን ተናግራ ከሆነ ገና የ11 ወይም የ12 ዓመት ልጅ ነበረች። ስለዚህም በአዋቂነቷ ተናገረችው የተባለው ሚዛን ደፋ።

የአንዲት ሴት ሕይወት ዳር የተወሰነው እንግዲህ ማንም ልብ ብሎ ባልመዘገበው ጨዋታ ላይ ነው። ለአንዱ ወገን ይህ የሰውን ፈቃድ ማክበር ነበር፤ ለሌላው ደግሞ በዋዛ በተወረወረ ቃል ሰውን ማስራብ።

ከዚያ በኋላ የሆነው በሕክምና ታሪክ እምብዛም አልታየም። ቱቦው በ2001 ተነቅሎ በሁለት ቀን ተመለሰ። በጥቅምት 2003 እንደገና ሲነቀል የፍሎሪዳ ምክር ቤት "የቴሪ ሕግ" የተባለውን በስድስተኛው ቀን አጸደቀ፤ አገረ ገዢው ጀብ ቡሽም ቱቦው እንዲመለስ አዘዙ። የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2004 ሕጉን በሙሉ ድምፅ ሻረው። በመጋቢት 2005 ለሦስተኛ ጊዜ ሲነቀል፣ የአሜሪካ ኮንግረስ በእሑድ ሌሊት ተሰብስቦ ጉዳዩ ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት እንዲዛወር የሚፈቅድ ሕግ አወጣ። ፕሬዝዳንት ጆርጅ ቡሽ ከቴክሳስ ወደ ዋሽንግተን ተመልሰው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ፈረሙበት። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ግን ቱቦው እንዲመለስ አላዘዙም።

በሰኔ 2005 ይፋ የሆነው የአስከሬን ምርመራ የቴሪ አንጎል 615 ግራም እንደሚመዝን፣ ይህም ከሚጠበቀው ግማሽ ያህል እንደሆነ፣ ጉዳቱም በማንኛውም ሕክምና የማይመለስ እንደነበር ገለጸ። ማየትን የሚቆጣጠረው የአንጎሏ ክፍልም ሞቶ ነበር። ምርመራው ባለቤቷ አካላዊ ጥቃት አድርሰውባታል ለሚለው ክስ ማስረጃ አላገኘም። ምርመራው የአንጎሏን ሁኔታ ተናገረ፤ ምን ትፈልግ እንደነበር ግን ሊናገር አይችልም ነበር።

ከቴሪ በፊት የነበሩ ሁለት ስሞች

የቴሪ እናት የጠቀሷት ካረን አን ኩዊንላን የኒው ጀርሲ ወጣት ነበረች። በ1975፣ በ21 ዓመቷ፣ መጠጥና መድኃኒት ከወሰደች በኋላ ትንፋሿ ተቋርጦ አንጎሏ ተጎዳ። አጥባቂ ካቶሊክ የነበሩት ወላጆቿ የመተንፈሻ መሣሪያው እንዲነቀል ጠየቁ፤ ሐኪሞቹ እምቢ አሉ። የኒው ጀርሲ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.አ.አ. ማርች 31 ቀን 1976 ለአባትየው ፈረደ። ቴሪ የሞተችው ከዚያ ፍርድ 29 ዓመታት በኋላ በዚያው ቀን ነው።

ካረን መሣሪያው ሲነሣ አልሞተችም። በራሷ እየተነፈሰች እስከ 1985 ኖረች። ወላጆቿ የምግብ ቱቦው እንዲነቀል አልጠየቁም። ለእነሱ መሣሪያው ከመደበኛው ያለፈ ጥረት ሲሆን ምግቡ ግን ምግብ ነበር።

ሁለተኛዋ የሚዙሪዋ ናንሲ ክሩዛን ናት። በ1983 በ25 ዓመቷ የመኪና አደጋ ደረሰባት። ወላጆቿ የምግብ ቱቦው እንዲነቀል ሲጠይቁ ጉዳዩ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ በ1990፣ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ፣ አእምሮው የተስተካከለ ሰው ሕክምናን የመከልከል መብት እንዳለው ተቀብሎ፣ ራሱን መግለጽ ለማይችል ሰው ግን ግዛቶች "ግልጽና አሳማኝ ማስረጃ" ሊጠይቁ ይችላሉ አለ። ኋላ ላይ የቀድሞ የሥራ ባልደረቦቿ የተናገረችውን አስታውሰው ቀረቡ። ቱቦው ተነቀለ፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር አረፈች።

የናንሲ ጉዳይ በሕግ ላይ አሻራውን ትቷል። በዚያው ዓመት የወጣው የአሜሪካ ሕግ፣ የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚያገኙ ሆስፒታሎች ታካሚዎች አስቀድመው የሕክምና ኑዛዜ መጻፍ እንደሚችሉ እንዲያሳውቋቸው አስገደደ። የሕክምና ኑዛዜ አንድ ሰው ራሱን መግለጽ ቢያቅተው የትኛውን ሕክምና እንደሚሻና እንደማይሻ የሚያሰፍርበት ሰነድ ነው። ቴሪ የወደቀችው ይህ ሕግ ከመጽደቁ ከወራት በፊት ነበር።

ምግብ ነው ወይስ ሕክምና?

የመተንፈሻ መሣሪያን መንቀል ላይ ብዙዎች የሚስማሙትን ያህል በምግብ ቱቦ ላይ አይስማሙም። ነገሩ ከሆስፒታል በፊት ከማዕድ ጋር የተያያዘ ነውና። የተራበን ማብላት፣ የተጠማን ማጠጣት በየትኛውም ባህል የሰውነት መለኪያ ነው።

በእንግሊዝ ጥያቄው በ1989ኙ የሂልስቦሮ ስታዲየም አደጋ ሳንባው ተጨፍልቆ አንጎሉ ኦክስጅን ባጣው የ18 ዓመቱ የሊቨርፑል ደጋፊ በቶኒ ብላንድ ላይ ተነሣ። የጌቶች ምክር ቤት ዳኞች በ1993 በቱቦ የሚሰጥ ምግብ ሕክምና ነው፤ ለታካሚው ጥቅም ካልሰጠም ሊቋረጥ ይችላል ሲሉ ወሰኑ። በዚያው ዓመት የአደጋው 96ኛ ሟች ሆነ። የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2018 ቤተሰብና ሐኪሞች ከተስማሙና የሕጉ መመሪያ ከተከበረ ወደ ፍርድ ቤት መሄድ ግዴታ አይደለም ብሏል።

ሮማዊት ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በሌላ መንገድ ሄደች። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒየስ 12ኛ በ1957 አንድ ታካሚ ከመደበኛው ያለፈ ሕክምና የመቀበል ግዴታ እንደሌለበት ተናግረው ነበር። ዮሐንስ ጳውሎስ ሁለተኛ ግን በ2004 በቱቦ የሚሰጥ ምግብና ውኃ በመርሕ ደረጃ መደበኛ እንክብካቤ ነው አሉ። የቴሪ ወላጆች ይህን ቃል ይዘው ተከራከሩ። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ራሳቸው ከቴሪ ሁለት ቀን በኋላ አረፉ።

የእስልምና ትብብር ድርጅት የፊቅህ አካዳሚ በ1986 አማን ላይ ባወጣው ውሳኔ፣ መላው አንጎል ሥራውን ዳግም ላይመለስ ማቆሙ በሐኪሞች ከተረጋገጠ መሣሪያውን መንቀል ይፈቀዳል ብሏል። ይህ የአንጎል ሞትን የሚመለከት እንጂ ዐይኑን ገልጦ በራሱ የሚተነፍሰውን ታካሚ የሚመለከት አይደለም።

ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤተ እስራኤላውያን በሚኖሩባት እስራኤል ያለው መፍትሔ ልዩ ነው። በ2005 የወጣው "በሞት አፋፍ ላይ ያለ ታካሚ" ሕግ፣ ስድስት ወር የማይሞላ ዕድሜ እንደቀራቸው የተገመቱ ሕሙማንን ይመለከታል። በአይሁድ ሕግ መሠረት ሳያቋርጥ የሚሠራን መሣሪያ በእጅ ማጥፋት አይፈቀድም፤ ያበቃን ሕክምና እንደገና አለመጀመር ግን ይቻላል። ስለዚህ ሕጉ የመተንፈሻ መሣሪያ በጊዜ መቁጠሪያ ታስሮ በየተወሰነ ሰዓት እንዲያበቃ የሚያስችል ሐሳብ አመጣ። መሣሪያው ሲያበቃ መቀጠል አለመቀጠሉ በታካሚው ፈቃድ መሠረት ይወሰናል። መንቀልን ወደ "አለመጀመር" የሚለውጥ ዘዴ ነው።

የአካል ጉዳተኞች መብት ተሟጋቾችም የራሳቸው ሥጋት አላቸው። በቴሪ ጉዳይ አሜሪካ ውስጥ ከወላጆቿ ጎን የቆሙት የሃይማኖት ቡድኖች ብቻ አልነበሩም። ሌላው ሰው "እንዲህ ሆኜ ከምኖር ሞት ይሻለኛል" የሚለው ኑሮ የእነሱ የዕለት ኑሮ ሊሆን እንደሚችል ያስታውሳሉ። በሌሎች ላይ ጥገኛ መሆን በራሱ የሞት ምክንያት ተደርጎ እንዳይለመድ ይሰጋሉ።

ያልተጻፈ ቃል የሚያስከፍለው

በጣሊያን ኤሉዋና ኤንግላሮ በ1992 በመኪና አደጋ አንጎሏ ሲጎዳ 21 ዓመቷ ነበር። አባቷ ቤፒኖ ልጃቸው እንዲህ መኖር አትፈልግም ነበር ብለው ለዓመታት በፍርድ ቤት ተሟገቱ፤ በመጨረሻም ተፈረደላቸው። የጠቅላይ ሚኒስትር ሲልቪዮ ቤርሉስኮኒ መንግሥት ውሳኔውን የሚያግድ ድንጋጌ ቢያወጣም ፕሬዝዳንት ጆርጆ ናፖሊታኖ አልፈርምም አሉ። ኤሉዋና በየካቲት 2009 ያረፈችው የአገሪቱ ሴኔት ስለ እሷ እየተከራከረ ሳለ ነው። ጣሊያን የሕክምና ኑዛዜን የሚያጸና ሕግ ያወጣችው በ2017 ነው።

በፈረንሳይ ነርስ የነበረው ቫንሳን ላምበር በ2008 በትራፊክ አደጋ ተጎዳ። በሙያው እንዲህ ያሉ ሕሙማንን ቢያውቅም በጽሑፍ ያስቀረው ቃል አልነበረም። ሚስቱና ከወንድም እህቶቹ አብዛኞቹ ሕክምናው እንዲቋረጥ ሲፈልጉ ወላጆቹ ተቃወሙ። ክርክሩ እስከ አውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ደርሶ ዓመታት ፈጀ። በግንቦት 2019 ምግቡ ተቋርጦ በዚያው ዕለት በሌላ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ተመለሰ። በሐምሌ ወር በ42 ዓመቱ አረፈ።

በአህጉራችን ደቡብ አፍሪካ ጥያቄውን ቀደም ብላ አይታዋለች። በ1992 የደርባን ፍርድ ቤት፣ ልቡ ቆሞ አንጎሉ የተጎዳ የአንድ ሐኪም ሚስት የቱቦ ምግቡን ማቋረጥ እንድትችል ፈቀደ። ታካሚው በጤናው ጊዜ የሕክምና ኑዛዜ ፈርሞ ነበር። ከቴሪና ከቫንሳን ጉዳይ ጋር ሲነጻጸር ፍርድ ቤቱ ሊመለከተው የሚችል የባለጉዳዩ የራሱ ቃል ነበረው።

ከሁሉም የተለየው የሕንድ ታሪክ ነው። የሙምባይ ነርስ አሩና ሻንባግ በ1973 በሥራ ቦታዋ በደረሰባት ጥቃት አንጎሏ ተጎዳ። በዚያው ሆስፒታል የሥራ ባልደረቦቿ፣ እነሱ ጡረታ ሲወጡም ተተኪዎቻቸው፣ ከ41 ዓመታት በላይ አጠቧት፣ አጎረሷት፣ ገላበጧት። ስለ እሷ መጽሐፍ የጻፈች ጋዜጠኛ ሕይወቷን የሚያቆየው እንክብካቤ ይቋረጥ ዘንድ ስትጠይቅ፣ ነርሶቹ ተቃወሙ። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2011 ስለ አሩና የመናገር መብት የሚያስታምሟት ሰዎች ነው ብሎ ጥያቄውን ውድቅ አደረገ። በዚያው ፍርድ ግን በጥብቅ ቅድመ ሁኔታ የሕይወት ድጋፍን ማቋረጥ እንደሚቻል በአገሪቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ወሰነ። አሩና በ2015 በሳንባ ምች አረፈች። ፍርድ ቤቱ በ2018 የሕክምና ኑዛዜንም አጸና።

ከእነዚህ ታሪኮች አንድ ነገር ይታያል። ሕጎቹ የተለያዩ ቢሆኑም አብዛኞቹ ወደ አንድ አቅጣጫ ተጉዘዋል፦ የዘመድን ግምት ወደኋላ፣ የታካሚውን የራሱን ቃል ወደፊት። በእነዚህ ፍርዶች ውስጥ የተፈቀደው ሕክምናን ማቆም እንጂ ሕይወትን በመርፌ ማሳጠር አለመሆኑም ልብ ሊባል ይገባል።

ሳይንሱ ያመጣው አዲስ ጥርጣሬ

የቴሪ ጉዳይ ከተዘጋ በዓመቱ፣ በ2006፣ ተመራማሪው ኤድሪያን ኦወንና ባልደረቦቹ እንግሊዝ ውስጥ ያልተጠበቀ ነገር አገኙ። ቬጅቴቲቭ ሁኔታ ላይ ነች የተባለች አንዲት የ23 ዓመት ወጣት የአንጎል ምስል መሣሪያ ውስጥ ሆና ቴኒስ እንደምትጫወት እንድታስብ ተጠየቀች። አንጎሏ እንደ ጤነኛ ሰው አንጎል መልስ ሰጠ። በ2010 ከ54 ታካሚዎች አምስቱ በዚህ ዘዴ አንጎላቸውን በፈቃዳቸው ማዘዝ እንደሚችሉ ታየ። በ2024 የታተመ በበርካታ አገሮች የተካሄደ ጥናት ደግሞ፣ ለትእዛዝ የሚታይ ምላሽ ከማይሰጡ 241 ታካሚዎች መካከል በ60ዎቹ፣ ማለትም በአራተኛው እጅ፣ የተሰወረ ምላሽ አግኝቷል።

ይህ ማለት ሁሉም ዝምተኛ ታካሚ ውስጥ ውስጡን ያውቃል ማለት አይደለም። እንደ ቴሪ አንጎሉ በኦክስጅን እጦት ተመናምኖ ዓመታት ያለፉበት ሰው፣ በአደጋ ከተጎዳና ወራት ብቻ ከሆነው ሰው ይለያል። ግን "ምላሽ የለም" እና "ንቃት የለም" አንድ አለመሆናቸውን አሳይቷል። የአሜሪካ የነርቭ ሐኪሞች አካዳሚም በ2018 መመሪያው "ቋሚ" የሚለው ስያሜ እንዲቀር፣ ሐኪሞችም በመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት ተስፋው ጨርሶ የተሟጠጠ የሚያስመስል ቃል ከመናገር እንዲቆጠቡ መክሯል።

ግኝቱ ለሁለቱም ወገን ከባድ ነው። ሕክምናው ይቀጥል የሚሉት "ይኸው ሰሚ አለ" ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ለዓመታት እየሰሙ መናገር አለመቻል የባሰ ሥቃይ አይደለምን ብለው ይጠይቃሉ።

ለእኛ አካባቢ ቤተሰቦች

በአፍሪካ ቀንድ ጥያቄው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከሌላ ጫፍ ነው። የጽኑ ሕሙማን ክፍል አልጋና የመተንፈሻ መሣሪያ ከፍላጎቱ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት በመሆኑ፣ የብዙ ቤተሰብ ጭንቀት መሣሪያው መቼ ይነቀል የሚለው ሳይሆን መሣሪያው ከየት ይገኛል የሚለው ነው። ቢገኝም ወጪው በየዕለቱ ይቆጠራል። ገንዘብ አልቆ የሚቆም ሕክምናና በታካሚው ፈቃድ የሚቆም ሕክምና በውጤት ቢመሳሰሉም በትርጉም አንድ አይደሉም።

በአሜሪካና በአውሮፓ ለሚኖሩ ወገኖች ግን የቴሪ ቤተሰብ ጥያቄ በራቸውን ሊያንኳኳ ይችላል። በእኛ ልማድ እንዲህ ያለው ውሳኔ የታላላቆች፣ የወላጆችና የንስሐ አባት ወይም የሼኽ ምክር የሚጠየቅበት የጋራ ጉዳይ ነው። የፍሎሪዳ ሕግ ግን፣ እንደ ብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ሕግ፣ ከወላጅ ይልቅ የትዳር ጓደኛን ያስቀድማል። ማን እንዲወስንለት በጽሑፍ ያልወከለ ሰው ቤተሰቡ የሚያውቀው ሥርዓት ሌላ፣ ሆስፒታሉ የሚከተለው ሥርዓት ሌላ ሊሆንበት ይችላል።

እንዲህ ያለ ነገር የገጠመው ቤተሰብ ሐኪሞቹን ሊጠይቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ፦ ሁኔታው የአንጎል ሞት ነው፣ ኮማ ነው፣ ቬጅቴቲቭ ነው ወይስ አነስተኛ ንቃት? የጉዳቱ መንሥኤ ምንድን ነው፤ ስንት ጊዜስ ሆነው? ምርመራው በተለያየ ቀንና ሰዓት ተደጋግሟል ወይ? ሊቋረጥ የታሰበው የቱ ሕክምና ነው፤ ሕመም ማስታገሻውና እንክብካቤው ይቀጥላል ወይ? በአሜሪካ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ ስላለባቸው፣ ይህን ከባድ ወሬ ልጅ ለወላጁ እንዲተረጉም መገደድ የለበትም።

ከዚያ በፊት ደግሞ፣ ሁሉም ጤነኛ ሳለ የሚደረግ አንድ ነገር አለ። ስለ ሞት አስቀድሞ ማውራት በብዙ ቤት እንደ ሟርት ይቆጠራል። ስለ ርስትና ስለ ቀብር ቦታ መናዘዝ ግን ለእኛ እንግዳ አይደለም። የሕክምና ኑዛዜም "ይቋረጥ" ብቻ የሚባልበት ሰነድ አይደለም፤ "እስከ መጨረሻው ታከሙኝ" የሚልም ይጻፍበታል። ለቤተሰብ የሚተርፈው መልሱ አንድ ዓይነት መሆኑ ሳይሆን የባለቤቱ መሆኑ ነው።

የሻይቮና የሺንድለር ቤተሰቦች ከቴሪ ሞት በኋላም አልታረቁም። ሁለቱም ወገን መጽሐፍ ጻፉ፤ ሁለቱም እሷ የምትፈልገውን እንዳደረጉ ያምናሉ። አስከሬኗ እንኳ አጨቃጭቋል፤ ወላጆቿ በካቶሊክ ሥርዓት እንዲቀበር ሲሹ ባለቤቷ አቃጠሉት። ማይክል በመቃብሯ ድንጋይ ላይ ያስቀረጹት ቃል የገቡላትን ቃል እንደጠበቁ የሚገልጽ ነው።